ዶማው ከፍ እንዳለ

የከተማችንን ስም አልናገርም። ስሟን የሰማ ሰው ሊያያት ይመጣል፤ ሊያያት የመጣ ሰው ደግሞ በድልድያችን ልሻገር ይላል፤ እኛም እናፍራለን። ድልድያችን ወንዙን አያቋርጥም። ከወንዙ ጋር ጎን ለጎን ነው የተሠራው። እስከ ጫፉ ብትሄዱበት የምትደርሱት እዚያው በነበራችሁበት ዳር ነው፣ ትንሽ ዝቅ ብሎ። ድልድዩ ግን ጠንካራ ነው። ማንም ስለማይሻገርበት እስከ ዛሬ አንድ ድንጋይ አልወለቀም።

ይህ የሆነው ሰዎቻችን ሞኝ ሆነው አይደለም። ዶሮዋ ቸኩላ ነው።

በእኛ ከተማ ነገር የሚወሰነው በዶሮ ነው። ሕዝቡ ሜዳ ላይ ይቆማል፤ ጠባቂው አንድ ጭብጥ ገብስ ይበትናል፤ ዶሮዋ ትለቀቃለች። እሷ ስትለቅም የፈለገ ሰው የፈለገውን ይናገራል። የመጨረሻዋን ፍሬ ስትውጥ ግን አፍ ሁሉ ይዘጋል፤ በመጨረሻ የተነገረውም ቃል ውሳኔ ይሆናል። ስለ ድልድዩ በተመከረ ቀን አንዱ «ድልድይ ይሠራ» አለ፤ ሌላው «ወንዙን ተከትሎ ወደ ታች ያለው ድንጋይ ጥሩ ነው» አለ፤ ዶሮዋ ዋጠች። ወንዙን ተከትሎ ተሠራ።

ዶሮዋ በጉባኤ ዋዜማ እህል አትቀምስም። ሆዷ ባዶ ሲሆን ከተማው ይፈጥናል ይላሉ።

ነገሩ ሲጀመር መጥፎ አልነበረም። ድሮ የከተማው ጎተራ ሲቃጠል ሽማግሌዎቹ በማን እንስራ ውሃ ይቀዳ ብለው ሲከራከሩ እህሉ አመድ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ክርክር ይጠር ተባለና ዶሮዋ ተሾመች። እኔም ያን ቀን ብኖር እጄን ሳላወጣ አልቀርም።

የተማርኩት እስከ ሦስተኛ ክፍል ነው። ሰንፌ አይደለም። ለዶሮዋ ማደሪያ ሲፈለግ አራተኛ ክፍል ተሰጣት። አምስተኛ ክፍል አለ፤ ነገር ግን ከሦስተኛ ዘሎ አምስተኛ መግባት ክልክል ነው። ስለዚህ የአምስተኛ ክፍሉ መምህር ባዶ ወንበር ሲያስተምሩ ይውላሉ። ጎበዝ ናቸው ይባላል፤ አንድ ተማሪ ወድቆባቸው አያውቅም።

ክርስቲያኖች ነን፤ ጉባኤያችን በጸሎት ይከፈታል። ብቻ ዶሮዋ ትቁነጠነጣለች ተባለና ጸሎቱ ትንሽ አጠረ። ቆይቶ ደግሞ አጠረ። አሁን የቀረው «አሜን» ነው። መምሬ ሐዲስ ወደ ፊት ወጥተው «አሜን» ይላሉ፤ እኛም «አሜን» እንላለን፤ ገብሱ ይበተናል።

ከሹሞቻችን ሁሉ ሥራ የሚበዛባቸው የማጽናኛ ሹሟ እትዬ ደብሪቱ ናቸው። ከእያንዳንዱ ውሳኔ በኋላ ቤት ለቤት እየዞሩ «አይዟችሁ፣ ከላይ የመጣ ነው» ይላሉ። እግዚአብሔር በእኛ ከተማ ያላደረገው ብዙ ነገር ይወራበታል።

እንግዲህ የምነግራችሁ እህቴ እማዋይሽ የወለደች ጊዜ የሆነውን ነው።

እማዋይሽና ባሏ ዳምጤ የሚኖሩት ታች ሰፈር፣ ከኩሬው ሥር ነው። ኩሬው የከተማው ሁሉ የመጠጥ ውሃ ነው፤ ወንዙ ድፍርስ ነው። ከበላዩ ተራራ፣ ከበታቹ ሰፈሩ፣ በመካከል ውሃውን የያዘው ከአፈር የተደለደለ ክትር። እኔና እናቴም አራሷን ለመጠየቅ መጥተን እዚያው ከርመናል። ምጡ ከብዷት ብዙ ደም ፈሷት ነበር። አዋላጇ «ከመኝታዋ ከነቀነቃችኋት ደሙ ይመለስባታል፤ ያን ጊዜ እኔን አትጥሩ፣ ቄስ ጥሩ» ብላ ሄደች።

ሕፃኑ ደህና ነበር፤ እንቅልፍ ግን የለውም። ማታ ማታ የኩሬው እንቁራሪቶች ሲጮኹ እሱም ይጮኻል። ዳምጤ ቀፎ ሠሪ ነው፤ እጁ ወርቅ፣ ልቡ ቅቤ። ሚስቱ ሳትተኛ ስታድር ሲያይ ዓይኑ ይቀላል። አንድ ቀን ጉባኤ ሄዶ እየሮጠ ተመለሰ። ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቷል።

«አንጓች፣ ተገላገልን» አለኝ። አንጓች ማለት እኔ ነኝ።

«ከምኑ?»

«ከእንቁራሪቶቹ። ክትሩ ይቆረጥ፣ ኩሬው ይፍሰስ አልኩ። እንዳልኩ ዶሮዋ ዋጠች። ከእሑድ በኋላ ይቆረጣል።»

«ጎበዝ» አልኩት። «ውሃውስ ወዴት ይሄዳል?»

«ወደ ታች ነዋ።»

«ታች ማን አለ?»

ዳምጤ ወደ ክትሩ ቀና አለ። ከዚያ ወደ ጣሪያው አየ። ከዚያ ወደ ጓዳው፣ እማዋይሽ ወደ ተኛችበት። ፊቱ ላይ የነበረው ሙሽራ ወጥቶ ሄደ።

«አላሰብኩትም» አለ ቀስ ብሎ። «ስለ ልጁ እንቅልፍ ብቻ ነበር የማስበው።»

እናቴ ከምድጃው አጠገብ ሁሉን ሰምታ ኖሮ፣ «ይተኛልሃል፤ እሱስ ለዘላለሙ» አለችው። እናቴ ሲከፋት እንዲህ ናት።

ወደ ውሳኔ ሹሙ፣ ወደ ጋሼ ሻረው ሄድን። በራቸው ላይ ቆመው ጥርሳቸውን ይፍቃሉ።

«ጋሼ፣ ውሃው የሚወርደው ቤቴ ላይ ነው» አላቸው ዳምጤ።

«ታዲያ ይህን በጉባኤው ለምን አልተናገርክም?»

«ያን ጊዜ አልመጣልኝም።»

«እንግዲያው ጥፋቱ የጉባኤው አይደለማ።»

«ይሰረዝልኝ።»

«ለመሰረዝ ጉባኤ ያስፈልጋል። የሚቀጥለው ጉባኤ ያለው ክትሩ ከተቆረጠ በኋላ ነው። ያኔ ና፤ እኔ ራሴ እደግፍሃለሁ።»

«ጋሼ፣ አሁን መሰብሰብ አይቻልም?» አልኩ እኔ።

«አይቻልም። ዶሮዋ ጾም ይዛለች።» መፋቂያቸውን አገላብጠው ደግሞ ፋቁ። «ደግሞ ኩሬው ሲደርቅ ያ ሁሉ ጥቁር አፈር ይወጣል። ጤፍ ቢዘራበት አስቡት። ለሁላችንም ማለቴ ነው።»

ስንመለስ እትዬ ደብሪቱ ቤት ውስጥ ተቀምጠው አገኘናቸው። «ከወዲሁ አይዟችሁ ልላችሁ መጥቼ ነው» አሉ። «በኋላ ወረፋው ይበዛል።» ከዚያ አራሷ ደህና መሆኗን ጠይቀው፣ ሕፃኑን ስመው፣ ዓይናቸውን ጠራርገው ወጡ። እማዋይሽ «ምን ሆነው ነው የሚያለቅሱት?» ስትል እናቴ «ወፈፍ አድርጓቸው ነው» አለቻት። ለእማዋይሽ አልነገርናትም። ከሰማች ተነሥታ ትሮጣለች፤ ከተነሣች ደሙ አለ።

ጎረቤቶቻችን ሰምተዋል። እንነሣ፣ ወጥተን እንከላከል የሚል ሰው ጠፋ፤ ተወስኗላ። ድስታቸውን ጣሪያ ላይ ሰቀሉ።

መምሬ ሐዲስ ዘንድ ብቻዬን ሄድኩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ ጎመን እየኮተኮቱ ነበር።

«አባቴ፣ እርስዎ ለምን አይናገሩም?» አልኳቸው።

«መች ደርሼ፣ ልጄ? በስመ አብ ብዬ ወደ ወልድ ሳልደርስ ጨርሳ ታፈጣለች።»

«ታዲያ አሁን ምንም የለም?»

ኩትኮታቸውን አቆሙ። «ማጽኛው አለ» አሉ።

ማጽኛ ማለት ይህ ነው። የተወሰነ ነገር ሲፈጸም ዶሮዋ በቦታው ሁለተኛ ጭብጥ ትበላለች። ሐሳቡን ያመጣው ሰው መሣሪያውን ከፍ አድርጎ ይቆማል፤ ስትጨርስ ያወርዳል። ሳትጨርስ ያወረደ ከከተማው ይወጣል።

«በማጽኛውም እኮ አፍ ክፍት ነው» አሉ መምሬ። «የመጨረሻው ቃል እዚያም ይጸናል። ግን የተራበች ዶሮ ናት፤ ማን ቀድሟት ተናግሮ ያውቃል? ጊዜ ብትሰጠን ኖሮ፣ አንጓች። ጊዜ ብቻ።»

እኔም አመስግኜ፣ የተነቀለ ጎመን ለቅሜ ወጣሁ።

መንገድ ላይ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩና አሰብኩ። እንዲህ ዓይነት ማሰብ ለምጄ አላውቅም፤ ራሴን አሞኝ ነበር። ዶሮዋ ብትጠግብስ? አትበላም። ካልበላችስ? ማጽኛው አያልቅም፤ ሳያልቅ ደግሞ ማንም ከቦታው አይነሣም። ሰው ካልተነሣስ? ይርበዋል፣ ይሰለቸዋል፣ ያጉረመርማል። ሁላችን እዚያ ከዋልን እማዋይሽን ማን ውሃ ያጠጣታል? እናቴ ትቅር። ዳምጤስ? ዳምጤ ዶማ ተሸክሞ ይቆማል። እዚህ ላይ ትንሽ አዘንኩለት። ግን ሐሳቡ የእሱ አይደል? ይቁም።

ለዳምጤ አልነገርኩትም። ለመምሬም አልነገርኩም፤ ብነግራቸው ኃጢአት ነው ይሉኛል፤ ካሉኝ በኋላ ባደርገው ደግሞ ሁለት ኃጢአት ይሆናል።

የማጽኛው ዕለት ጠዋት ጠባቂው ሊታጠብ ወደ ወንዙ ሲወርድ በአራተኛ ክፍል መስኮት ገባሁ። በትምህርቴ ወደዚያ ክፍል የገባሁት ያን ቀን ብቻ ነው። በመቀነቴ የቋጠርኩትን የሽምብራ ንፍሮ ፈታሁላት። ምስኪን፣ እንዲህ ያለ ነገር አይታ አታውቅም። እየበላች ቀና ብላ ታየኛለች፣ እንደ ገና ትበላለች። መጨረሻ ላይ ስትራመድ እንደ ሰካራም ተንገዳገደች።

ከተማው ሁሉ ክትሩ ላይ ወጣ። ዳምጤ ከመካከል ቆሞ ዶማውን አነሣ። መምሬ «አሜን» አሉ፤ «አሜን» አልን። ገብሱ ተበተነ፤ ዶሮዋ ተለቀቀች።

ገብሱን አየችው። ወዲያ ሄደች፣ ወዲህ መጣች፣ ከዚያ ላዩ ላይ ተቀመጠች።

«ታማለች» አለ ጠባቂው።

«አልታመመችም» አለ አንድ ሰው። «እያሰበች ነው።»

ይህ ሕዝቡን አስደነገጠው። ከዚህ በፊት ሆኖ አያውቅም።

ቆየን። ፀሐይዋ ወጣ ወጣ አለች። የዳምጤ ክንድ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ሽማግሌዎች ተቀመጡ፣ ቀጥሎ ሴቶች፣ በኋላ ሁሉም ተቀመጠ፤ በጉባኤ መቀመጥ ነውር መሆኑን ማንም አላነሣም። ክትሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ደግሞ ፊቱን ማዞሪያ የለውም፤ ወደ ታች ያያል። ታች ሰፈሩ አለ።

«ያ ድስት የተሰቀለበት የማን ጣሪያ ነው?» አለች አንዲት ሴት።

«የኔ ነው» አለ ጎረቤታችን ሙላት።

«ድስቱ ምን ሊሠራ ወጣ?»

«ውሃ እንዳይወስደው።»

«አንተንስ?»

ሙላት አገጩን አሸ። «ስለ ድስቱ ነው የቸኮልኩት» አለ።

አንዳንዱ ሳቀ። ሳቁ ግን ቶሎ አለቀ፤ ብዙ ጣሪያ ላይ ብዙ ድስት ነበር።

መምሬ ሐዲስ ያኔ ተነሡ። «ጊዜ ካለን ጸሎቱን ከመጀመሪያው ላድርስ» አሉና አቡነ ዘበሰማያትን ጀመሩ። መካከሉ ላይ ሕዝቡ ቃሉ ጠፋበት። አሮጊቶቹ እያስታወሱ እየመሩ አብረን እስከ መጨረሻው ደረስን። «ፈቃድህ ይሁን» የሚለው ውስጡ እንዳለ ረስተን ነበር። እኛ የለመድነው ፈቃዳችንን አስቀድመን አሜን ማለት ነው።

«ጌታችን በወንጌል ምን አለ?» አሉ መምሬ። «ግንብ ሊሠራ የሚወድ ሰው አስቀድሞ ተቀምጦ ይቆጥራል አለ። ቆሞ አላለም። እኛ እድሜ ልካችንን ቆመን ስንወስን ኖረን፣ የተበላሸውን ከላይ ነው እንላለን። ዛሬ ዶሮዋ አስቀምጣናለች። እስቲ እንቁጠር። ሥር ያለው ማነው?»

የመለሰው ዳምጤ ነው፣ ዶማው ከራሱ በላይ እንዳለ። «ሚስቴ አለች» አለ። «አራስ ናት። መነሣት አትችልም። ሐሳቡ የኔ ነበር፤ ለልጄ ብዬ ነው። ክትሩ አይቆረጥ።»

ጋሼ ሻረው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ያሳዝናል። ግን አንዴ የተወሰነ ነው። ይቆረጥ።»

«ከዚያስ?» አልኩ እኔ። እንዴት እንዳመለጠኝ አላውቅም፤ ድንጋዩ ላይ ስቀመጥ የለመድኩት ነው።

«ከዚያማ ኩሬው ይደርቃል።»

«ከዚያስ?»

«ጤፍ እንዘራለን።»

«ከዚያስ?» አለች ያች ስለ ድስቱ የጠየቀችው ሴት።

«ከዚያ እናጭዳለን፣ እንበላለን።»

«በልተን ውሃ ሲጠማንስ?» አለ ሙላት። «የምንጠጣው ከየት ነው?»

ጋሼ ሻረው ወደ ኩሬው ዞረው አዩት። ውሃ ብቻ ነው የሚታየው፤ ጤፉ አልታይ አላቸው። እንዲያም ሆኖ እልኸኛ ናቸው። «እሱን ያን ጊዜ እንነጋገርበታለን» አሉ።

ዶሮዋ ተነሣች።

ሽምብራው ከሆዷ ወረድ ብሎላት ይሆናል። ላባዋን አራግፋ ገብሱን ትለቅም ጀመር፣ እንደ ድሮዋ፣ ጠቅ ጠቅ።

«አይቆረጥ» አለ ዳምጤ።

«ይቆረጥ» አሉ ጋሼ ሻረው።

«አይቆረጥ።»

«ይቆረጥ።»

ሕዝቡ አንገቱን ወዲያና ወዲህ ያዞራል። ጋሼ ሻረው ግን የዚች ዶሮ ጌታ ናቸው፤ አለቃቀሟን ያውቁታል። ዝም አሉና ጠበቁ። ዳምጤ እስትንፋሱ እስኪያልቅ «አይቆረጥ፣ አይቆረጥ» ሲል እሳቸው መሬቱን ብቻ ያያሉ። አንዲት ፍሬ ቀረች። ዳምጤ አየር ሊስብ አንዴ ቆመ። ዶሮዋ አንገቷን ዝቅ ስታደርግ ጋሼ ሻረው «ይቆረጥ» አሉ።

«ከዚያስ?» አልኩ።

ዋጠች።

ያን ዝምታ አልረሳውም። እንቁራሪቶቹ እንኳ ዝም አሉ፤ ቀን ስለሆነ ይመስለኛል። አዋጅ ነጋሪው ጋሼ ሻረውን አየ፣ እኔን አየ፣ ሕጉ ሕግ ነውና ከበሮውን መታ።

«ተወስኗል» አለ። «የተወሰነው ከዚያስ ነው።»

«ይህ ውሳኔ አይደለም» አሉ ጋሼ ሻረው።

«የመጨረሻው ቃል ነው፣ ጋሼ» አለ አዋጅ ነጋሪው። «ድልድዩም እንዲህ ነው የተወሰነ።»

«እኔ ዶማውን ምን ላድርገው?» አለ ዳምጤ። «ጨርሳለች። አውርድ ነው ሕጉ።»

ጋሼ ሻረው ግንባራቸውን ጠረጉ። ለውሳኔ መታዘዝ እንጂ መጣስ አያውቁም፤ ይህን እመሰክርላቸዋለሁ። አጠገቡ ሄደው ቆሙና፣ «ልታወርደው ነው» አሉት። «ከዚያስ?»

«ከዚያ ክትሩ ይከፈታል።»

«ከዚያስ?»

«ውሃው ቤቴ ይገባል። ሚስቴንና ልጄን ይወስዳል።»

«ከዚያስ?» አሉ፤ ግን ቀስ ብለው ነው፤ ሲሉትም አላዩትም።

«ከዚያ ወዲያ የለኝም፣ ጋሼ» አለ ዳምጤ።

ሽማግሌው እጃቸውን ሰቅለው የዶማውን እጀታ ከላይ ያዙ። የዳምጤ ጣቶች ደርቀው አልፈታ ብለው ነበር፤ አንድ በአንድ እሳቸው ራሳቸው ፈቷቸው። ዶማውን ሣሩ ላይ አጋደሙት። እትዬ ደብሪቱ አይዟችሁ ሊሉ ብድግ ካሉ በኋላ ለማን እንደሚሉ ጠፍቷቸው ተመልሰው ተቀመጡ።

ስንወርድ መምሬ ሐዲስ ከጎኔ ሆኑ።

«ዶሮዋን ምን አብልተሻት ነው?»

«ማን፣ እኔ?»

«አንጓች።»

«ንፍሮ ነው፣ አባቴ።»

«ስርቆሽ ገብተሽ፣ ሕዝብ አታለሽ። ንስሐ ትገቢያለሽ።»

«እሺ።»

ትንሽ ሄድን። «የምን ንፍሮ?»

«የሽምብራ።»

«እሱስ ይጣፍጣል» አሉ።

እቤት ስንደርስ እናቴ ደጅ ላይ ቆማ ወደ ክትሩ ታያለች። ውሃ አለመምጣቱን እንጂ ለምን እንዳልመጣ አታውቅም። ምንም ሳትጠይቅ ዳምጤን አሳለፈችው። እኔን ግን ጆሮዬን ያዘችኝ፤ መቀነቴ ሽምብራ ሽምብራ ይሸት ነበር።

ዳምጤ መኝታው አጠገብ በርከክ አለና ሁሉን ነገራት። ምን እንዳለ፣ ምን ሳያስብ እንደቀረ፣ ዶማው የት ደርሶ እንደነበር። ምንም አላስቀረም። እማዋይሽ ዓይኗን ጣሪያው ላይ ተክላ ሰማችው። ተቆጥታ ይሁን ፈርታ መለየት አልቻልኩም። መሸትሸት ሲል እንቁራሪቶቹ ጀመሩ። ሕፃኑም ጀመረ።

«ያዘው» አለችው።

«ክንዴ አልታዘዝ ብሎኛል፤ ይንቀጠቀጣል።»

«በሁለት እጅህ ያዘው።»

ተቀበላት። ክንዱ ከትከሻው ጀምሮ ይንዘፈዘፋል፤ ሊያቆመው ቢሞክር ባሰበት። ሕፃኑ አብሮ ተንቀጠቀጠ፣ ትንሽ አለቀሰ፣ ግራ የገባው ይመስል ዝም አለ። ኩሬው ይጮኻል። ዳምጤ እየተንቀጠቀጠ፣ እንባው ጺሙ ውስጥ እየገባ ቁጭ እንዳለ፣ ልጁ ክንዱ ላይ ተኛ።